መዶሻውን ያጠበው እጅ

ማሽኑ የተሰበረው ማታ ነው፤ የታወቀው ግን ጠዋት። የጽዳት ሠራተኛዋ የኦፕራሲዮን ክፍሉን በር ከፍታ መብራቱን ብታበራ፣ ሆስፒታሉ በቅርቡ በጭብጨባ ያስመረቀው የሰመመን መስጫ ማሽን ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ቆሟል። የጋዝ መለኪያ የብርጭቆ ቱቦዎቹ ደቅቀዋል። ኦክስጅኑንና ሰመመኑን የሚቀላቅለው ክፍል እንደተረገጠ ቆርቆሮ ተጨማዷል። ሴትዮዋ መወልወያዋን ጥላ ኡኡታዋን አቀለጠችው።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር «ጠብታ» ተሰጠ። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። አንድ ጥያቄ ጠብ ያደርግና ዝም ይላል፤ ተጠያቂው ዝምታው ሲከብደው የቀረውን ራሱ ያፈሰዋል። አብራው የምትሠራው ሳጅን በተቃራኒው ዶፍ ናት፤ አንዴ ከጀመረች አታባራም።

«አለቃዬ፣ ይሄን ያደረገ ሰው ደሙ ፈልቶ ነበር» አለች ማሽኑን እየዞረች።

«ፈልቶ ነበር?» አለ ጠብታ። ከዚያ ዝም።

ሳጅኗ እንደገና ተመለከተች። «ቆይ... ስክሪኑ ደህና ነው።»

እውነቷን ነው። ትልቁን የመስታወት ስክሪን ጭረት እንኳ አልነካውም። የተናደደ ሰው መጀመሪያ የሚመታው የሚያብረቀርቀውን ነው። ይሄኛው ግን ማሽኑን ከሥራ ውጪ የሚያደርገውን ብቻ መርጦ መትቷል። ከዚያም አልፎ፣ ከማሽኑ ሥር አረንጓዴ የኦፕራሲዮን ጨርቅ አንጥፏል፤ ስብርባሪው በሙሉ እዚያ ላይ ተሰብስቧል።

«ጽዳቷን ብርጭቆ እንዳይቆርጣት ተጨንቆላት ነው» አለች ሳጅኗ። «እንዲህ ያለ አሳቢ ወንበዴ እንኳን ለወንበዴነት ለባልነትም አይገኝ።»

ጠብታ ተንበርክኮ በማሽኑ ጀርባ አጮለቀ። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ቦታው ላይ የለም፤ ተፈትቶ ተወስዷል። ከዚያ በላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ተቆርጦ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩን በጣቱ ነካው። አቧራ ነበረው። የብርጭቆው ስብራት የትናንት ነው፤ የሽቦው መቆረጥ ግን የከረመ ነው።

ይህን ለማንም አልተናገረም።

በስተቀኝ ካለችው ትንሽዬ የኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ አንዲት እናት የልጅ ጫማ ታቅፋ ተቀምጣለች። ውስጥ ልጇ ኦፕራሲዮን እየተደረገ ነው። በሩ ገርበብ አለና ሜትሮኗ ብቅ አሉ። የነርሶች ሁሉ አለቃ ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሴት።

«ልጄ፣ ወደዚህ እንዳትገቡብኝ» አሉት። «ሕፃኑ ተኝቷል።»

«በምን አስተኛችሁት?»

«በአሮጌው ማሽን። ደግነቱ እሱ አለ።»

ከጀርባቸው አሮጌው ማሽን ይታየዋል። ቀለሙ ተላልጧል፤ ግን ተወልውሎ ያበራል፣ ቱቦዎቹ አዲስ ናቸው፣ ጎኑ ላይ ሙሉ ሲሊንደር ተገጥሞለታል።

«ዛሬ ጠዋት ነው ያዘጋጃችሁት?»

ሜትሮኗ ወደ ውስጥ ዞር ብለው የሕፃኑን ትንፋሽ አዳመጡ።

«ማታ የት ነበሩ እናቴ?»

«እንደ ወትሮዬ በሰርቪስ ወደ ቤቴ» አሉና በሩን በዝግታ ዘጉት።

*

ዳይሬክተሩ ቢሮው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከወንበሩ በላይ በትልቅ ፍሬም የተሰቀለ ፎቶ አለ፤ እሱ ራሱ መቀስ ይዞ የአዲሱን ማሽን ሪባን ሲቆርጥ።

«ምን ታደክማለህ?» አለው ጠብታን። «ወንጀለኛውን እኔ እነግርሃለሁ። አናጢ ነው። ሚስቱ እዚህ ሞታበታለች። እሱ ግቢው መሀል ቆሞ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ ያንን ማሽን በመዶሻ ነው የማደቅላችሁ ብሏል።»

«ሚስቱ በምን ሞተች?»

«በቀኗ ነዋ! የሆስፒታል ነገር ነው፤ ይታከማል፣ ይሞታል።»

«እሱ ታዲያ ማሽኑን ለምን ጠላው?»

ዳይሬክተሩ መራመዱን አቆመ። «ወሬኛ መች ይጠፋል? ስማ፣ ማሽኑን የሰጡን ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ሊጎበኙ ይመጣሉ። ሲመጡ ሰባሪው ታስሮ መጠበቅ አለበት። ለኮማንደርህም ነግሬዋለሁ።»

ጠብታ ሲወጣ ፎቶውን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው። ለሰው ሞት አንድ ቃል፣ ለዕቃ ስብራት ይህን ሁሉ ጩኸት።

*

አናጢው በሱቁ ውስጥ የበር መቃን እየላገ ነበር። ፖሊሶቹን ሲያይ አልደነገጠም።

«አዎ፣ ብያለሁ» አለ። «ዛሬም እላለሁ። ግን እኔ አልሰበርኩትም። የሰበረው እጁ ይባረክ።»

«ማታ የት ነበርክ?»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው።

«እናንተ ጋ።»

«እኛ ጋ የት?»

«ፖሊስ ጣቢያ ነዋ! ሚስቴ ሐሞቷ ላይ ጠጠር አለ ተብላ በእግሯ ገባች። እቤት ወጡን እንዳላሳርረው እየመከረችኝ ነው የገባችው። ሬሳዋን ሰጡኝ። እኔም ለቅሶው አልፎ ትናንት ማታ አቤት ልል መጣሁ። ተረኛችሁ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ሆስፒታል የሞተ ሰው ሞተ ነው የሚባለው፣ ተገደለ አይባልም፤ ቤትህ ግባ›። አልገባም ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እስኪነጋ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው የለም።»

ሳጅኗ ስልኳን አውጥታ ጣቢያ ደወለች። የተረኛው ድምፅ ለሦስቱም ይሰማል። «አዎ፣ አንድ ነዝናዛ ሰውዬ ነበር። እንቅልፍ ነስቶን አደረ። ምን አጠፋ ደግሞ?»

«እሱ ምንም አላጠፋም» አለ ጠብታ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «አጥፊው ቃሉን ያልተቀበልከው አንተ ነህ። ስመጣ እንነጋገራለን።»

ሳጅኗ ስልኩን ዘጋች። አለቃዋን እንዲህ ስታየው አታውቅም፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ባለ ሥልጣኑ ጣቱን ሲቀስር ፖሊስ አናጢ ፍለጋ ይሮጣል፤ አናጢው በገዛ እግሩ ሲመጣ አግዳሚ ላይ ያሳድረዋል።

«ወንድሜ» አለው ጠብታ፣ «ማሽኑ ነው የገደላት ብሎ የነገረህ ማነው?»

አናጢው አመነታ።

ጠብታ ጠበቀ።

«ለቅሶ ላይ አንዲት ነርስ መጣች» አለ በመጨረሻ። «ሰመመን የምትሰጠዋ። እግሬ ሥር ወድቃ አለቀሰች። ‹በሽታዋ አልገደላትም› አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝ። ልጅቷን እንዳትጎዷት፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሰው ወግ ያሳየችኝ እሷ ብቻ ናት።»

*

ሰመመን ሰጪዋን ያገኟት በኦፕራሲዮን ክፍል አይደለም። ምድር ቤት፣ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ የበሽተኛ ፋይል በፊደል ተራ ስትደረድር ነው። ሰው ማስተኛትና መቀስቀስ የተማረች ልጅ ወረቀት ታስተኛለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት ጠብታ።

«እረፍት ያስፈልግሻል ተብዬ ነው» አለች። ‹እረፍት› የሚለውን ቃል እንደ መራራ ኪኒን ነው የተፋችው።

ዝም አለ። እሷም ፈሰሰች።

«የማሽኑ ቫልቭ፣ ኦክስጅኑን የሚያሳልፈው በር፣ አልፎ አልፎ ይይዘዋል። ሲይዘው ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ መለኪያው ግን ሙሉ ነው ይላል። እንደዚያ ሲሆን አላርሙ መጮህ ነበረበት። አይጮህም! አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ከንፈር ሲጠቁር አይቼ በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ አየር ሰጥቼ አተረፍኳቸው። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ዳይሬክተሩ ‹ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ምላስሽ ነው› አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ የአናጢው ሚስት መጣች። ፊቷ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ሲያዘጋጇት ጨርቁን እስከ ራሷ ስበውት ነው። ጣቷን ገልጬ ሳየው...»

እጇን አየች፤ የገዛ ጥፍሯን።

«ጮህኩ። ደግሜ ጮህኩ። እነሱ ደረቷን መጫን ሲጀምሩ ዘግይቷል። በሳምንቱ እኔ እዚህ ወረድኩ፣ ማሽኑ ግን ቦታው ላይ ቆየ።»

«ማታ ማሽኑ ተሰብሯል» አለ ጠብታ።

ልጅቷ ቀና አለች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ፍርሃት፣ ቀጥሎ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ተፈራረቀ።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የሰበርኩት። ውሰዱኝ።»

«በምን?»

«በ... በሲሊንደር መክፈቻ ብረት።»

«ስክሪኑንስ?»

«እንክትክቱን አወጣሁት።»

ጠብታና ሳጅኗ ተያዩ።

«እህቴ» አለ ጠብታ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺ ያንን ክፍል ከወረድሽ ወዲህ አላየሽውም። ማንን ነው የምትደብቂው?»

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ፋይሎቿን መደርደር ቀጠለች።

*

በር ላይ የሰማ ሠራተኛ ወሬውን ለዳይሬክተሩ አድርሶ ኖሮ፣ ከካርድ ክፍል ሳይወጡ ኮማንደሩ ደወለ።

«አምናለች አሉኝ! ምን ትጠብቃለህ? አምጣትና ፋይሉን ዝጋ።»

«ጌታዬ፣ ያልተሰበረ ስክሪን ሰብሬያለሁ ነው የምትለው።»

«ስክሪን ምናምን አትበለኝ። ዳይሬክተሩ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን እያነደደው ነው።»

«የሞተችውስ ሴትዮ?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

ጠብታ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ለአፍታ አየው። «እስከ ማታ ጊዜ ይስጡኝ» ብሎ ዘጋ።

ሥራውን ከሳጅኗ ጋር ተካፈሉ። እሷ መስበሪያውን ልትፈልግ ሄደች፤ እሱ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኙን ፈልጎ ወደ ማሽኑ ጀርባ ወሰደው። ጠጋኙ ሰውነቱ ደቃቃ፣ ዓይኑ መሬት መሬት የሚል ሰው ነው።

«ይሄ ሽቦ ምንድነው?»

«ሽቦ... ነው።»

«የምን?»

«የአላርሙ። ኦክስጅን ሲቀንስ እንዲጮህ የሚያደርገው።»

«ማን ቆረጠው?»

ጠጋኙ ከንፈሩን አራሰ። «ሰባሪው ይሆናላ ማታ የቆረጠው።»

«ሰባሪው አቧራ ይዞ ነው የመጣው?»

ሰውየው ላብ አጠመቀው። «ጌታዬ፣ ልጆች አሉኝ። እባክህ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው።»

«የአናጢውም ሚስት ዝም ብላለች» አለ ጠብታ። «ሄደህ እያት፤ አልነቀዘች እንደሆነ።»

ጠጋኙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ግን አልተናገረም።

በዚህ መሀል ሳጅኗ እየተጣደፈች ደረሰች። «አለቃዬ፣ ና እስቲ ጉድ እይ!»

ወደ መቀቀያ ክፍል ወሰደችው፤ የቀዶ ጥገና ዕቃ በእንፋሎት የሚጸዳበት ክፍል ነው። ከብረት ሳጥኑ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ መዶሻ ብቻውን ተኝቷል። የአጥንት ሐኪሞች የሚሠሩበት ከባድ መዶሻ ነው።

«በዚህ ሳምንት የአጥንት ኦፕራሲዮን አልነበረም» አለች። «ጠይቄያለሁ። አፉን ደግሞ ከማሽኑ ስርጉዳት ጋር ገጥሜዋለሁ፤ ልክክ ነው ያለው። እስቲ ንገረኝ፣ ሰባብሮ ሲያበቃ መዶሻውን አጥቦ፣ ቀቅሎ፣ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ወንጀለኛ አይተህ ታውቃለህ? ቤቴን ሊዘርፍ ቢመጣ በሩን ክፍት ነበር የምተውለት።»

ጠብታ አልሳቀም። መዶሻው ንጹሕ ካልሆነ ለነገ በሽተኛ ነገር ያመጣል ብሎ የሚያስብ እጅ ነው ይህን ያደረገው። ቁጣው እንኳ ሥርዓቱን ያላስረሳው እጅ።

«የሰርቪስ ሹፌሩን አናገርሽው?»

«አናገርኩት። ማታ ከፊት ያለው ወንበር ባዶ ነበር አለ። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም፤ የ...» ሳጅኗ በድንገት አቆመች። ዓይኗ ፈጠጠ። «የሜትሮኗ ነው።»

*

ሜትሮኗን ያገኟቸው ከማገገሚያ ክፍሉ አልጋ አጠገብ ነው። ሕፃኑ ነቅቶ ይነጫነጫል። እናቱ ጫማውን ጥላ እጁን ይዛለች። ሜትሮኗ የልጁን የእግር ጣት ጫን እያደረጉ ቀይ ቀለሙ ሲመለስ ያያሉ።

ጠብታን ሲያዩ ልብሳቸውን አስተካከሉ። «መጣህ? ጥሩ። እንዲነቃ ነበር የምጠብቀው።»

ተከትለውት ወደ መቀቀያ ክፍል ሄዱ። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ሲያዩ አልደነገጡም።

«ለፖሊስ በመዋሸቴ አፍራለሁ» አሉ። «ግን ጠዋት እኔ ነኝ ብል ይዘኸኝ ትሄዳለህ፣ ግርግር ይሆናል፣ የልጁ ኦፕራሲዮን ይቀራል። ቢቀር ያንን ልጅ መልሶ የሚያመጣው የለም፤ ሩቅ ነው አገራቸው።»

ጠብታ ወንበር ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። ነገ ሕፃን ልጅ አለ፣ በዚያ ማሽን አይተኛም፣ አሮጌውን እንጠቀም አልኩት። በአሮጌ ማሽን ስትሠሩ ጎብኚ ቢያያችሁ ማን ይሰደባል አለኝ። ልጄ፣ ቃል በቃል ነው የምነግርህ። ‹ማን ይሰደባል› ነው ያለኝ። ‹ማን ይሞታል› አይደለም።»

ድምፃቸው አሁንም ከሹክሹክታ አልወጣም።

«ያቺ ልጅ ተናገረች፤ ካርድ ቤት ጣሏት። ባልየው ተናገረ፤ ከግቢ አስወጡት። እኔ በየደረጃው ያለ በር አንኳኳሁ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሠራተኛው ሲወጣ ቀረሁ። መጀመሪያ አሮጌውን አጸዳሁ። ሲሊንደሩን አዛወርኩለት። ጭምብሉን በራሴ አፍ ላይ አድርጌ ተነፈስኩበት፤ ደህና ነው። ከዚያ ያኛውን መታሁት።» እጃቸውን አዩ። «በዕድሜዬ የሰበርኩት ዕቃ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ስመታው ግን... እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።»

«ሰመመን ሰጪዋ እኔ ነኝ ብላ አምናለች» አለ ጠብታ።

ሜትሮኗ ወንበሩን ደግፈው ያዙ። «ምን? ማን ነገራት?»

«ማንም አልነገራትም። ይህን ለማድረግ አቅም ያለው ሰው ማን እንደሆነ ስለምታውቅ ነው።»

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደሩን ሞላው። «ያቺ ልጅ አንዴ ስለ እውነት ተቀጥታለች፤ አሁን ደግሞ ስለ እኔ ልትቀጣ? አይሆንም! እኔ ነኝ! የሰበርኩት እኔ ነኝ! ስሙ ሁላችሁም!»

በየበሩ ራስ ብቅ ብቅ አለ። ነርሶች፣ ተለማማጆች፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ቀዶ ሐኪሙም ጓንቱን ሳያወልቅ ወጣ። ከኋላው ዳይሬክተሩ እየተጣደፈ መጣ።

«ይኸውልህ!» አለ። «በአንደበቷ አመነች! ምን ትጠብቃለህ፣ ካቴና የለህም?»

«አለኝ» አለ ጠብታ። «አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የአላርሙን ሽቦ ማን ነው ያስቆረጠው?»

የዳይሬክተሩ ዓይን ሳያስበው ወደ አንድ ሰው ሄደ። ጠጋኙ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ሁሉም ዓይኑን ተከትሎ አየው።

ጠጋኙ ሜትሮኗን ተመለከተ፤ እኒያን ለዘመናት ያንሾካሾኩትን ሴት፣ አሁን አገጫቸውን ቀና አድርገው የቆሙትን።

«የምረቃው ቀን ነው» አለ። «እንግዶቹ ፊት ሲከፈት አላርሙ ጮኸ። ቫልቩ ይዞ ነው። እሱ ወደ ጎን ወሰደኝና ‹የዚህን ዕቃ አፍ ዝጋልኝ› አለኝ። ቫልቩን ልቀይረው አልኩ። ‹አፉን ዝጋ ነው ያልኩህ› አለኝ። ቆረጥኩት። በእነዚህ እጆቼ ነው የቆረጥኩት።»

«ውሸታም!» አለ ዳይሬክተሩ።

«የሞተችው ሴትዮ ደም ጠቁሮ ነበር» አለ ቀዶ ሐኪሙ በድንገት። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። «ስከፍታት አየሁት። ልጅቷ ስትጮህ ሰማኋት። ማሽኑ ምንም አላለም፣ ቀጥዪ አልኳት።»

«ይህንን እስካሁን ለማን ተናገሩ?» አለው ጠብታ።

«ለማንም።»

«አሁንም እኮ የተናገሩት ሌላ ሰው ከቀደመዎት በኋላ ነው» አለ ጠብታ። ቁጣው እንዳይፈነዳ ድምፁን ያዝ አደረገው። «እዚህ ኮሪደር ላይ የቆማችሁት ሁሉ ታውቁ ነበር። ሽቦው የተቆረጠው አንድ ጊዜ ነው፤ የሁላችሁም አፍ ግን በየቀኑ ሲቆረጥ ነበር። አንዲት ሴት እስክትሞት፣ ሌላዋ በስተርጅና መዶሻ እስክታነሳ!»

ጠብታ ካቴናውን አወጣ። ሜትሮኗ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን አልፏቸው ሄደና የዳይሬክተሩን እጅ ያዘ።

«እኔን? አብደሃል? ማሽኑን የሰበረችው እሷ ናት!»

«እሳቸውም ይከሰሳሉ፤ ንብረት በመስበር። እርስዎ ሰው በማስገደል ነው የሚጠየቁት።»

«ልክ ነው» አሉ ሜትሮኗ። «ሕግ ሕግ ነው፤ እኔንም ያዘኝ።» ከዚያ ወደ ነርሶቹ ዞረው፣ «ልጁን በየጊዜው እዩት። ያቺንም ልጅ ከምድር ቤት ጥሩልኝ፤ ነገ ያለ እሷ ማንም ሰው እንዳያስተኛ» አሉና ቀድመው ወደ ደረጃው ወረዱ።

*

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ተጨናነቀ። ሜትሮኗ ቃላቸውን ሰጡ፤ አንድም ነገር አልሸሸጉም። ዋስ ሆኖ የቀረበው ቀዶ ሐኪሙ ነው። አንገቱን ደፍቶ ፈረመ፤ እሳቸውም አላመሰገኑትም፣ አልተቀየሙትምም። ጠጋኙ በሌላ ክፍል ሲያወራ ሳጅኗ እንኳ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም።

ጠብታ ከጠረጴዛው ማዶ አናጢውን አስቀምጦ ስለ ሚስቱ ይጠይቀዋል። ስሟን፣ ሥራዋን፣ የዚያን ቀን ምን እንደተናገረች። አናጢው ስለ ወጡ ደግሞ ሲነግረው ስልኩ ጮኸ። ኮማንደሩ ነው።

«ዳይሬክተሩን አስረኸዋል የሚሉኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጌታዬ።»

«አሁኑኑ ፍታው! ማሽን በሰበሩበት እሱ ይታሰር? ከላይ ምን እየተባልኩ እንደሆነ ታውቃለህ? ለአንዲት ሟች ብለህ አንድ ሙሉ ሆስፒታል ልታፈርስ ነው?»

ጠብታ አናጢውን አየው። እንደ ሁልጊዜው አንድ ጥያቄ ጠብ አድርጎ ዝም ሊል ይችል ነበር። ዛሬ ግን ዝምታ አስጠላው።

«አልፈታውም» አለ። «እኛ ራሳችን ይህንን ሰው አግዳሚ ላይ አሳድረነዋል፣ ቃሉን ሳንቀበል። እንፍታው የሚሉ ከሆነ ምክንያቱን ለእኔ አይንገሩኝ። የሟቿ ባል አጠገቤ ተቀምጧል፤ ለእሱ ይንገሩት።»

ስልኩን ዘረጋለት። አናጢው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበለ።

«አቤት ጌታዬ» አለ። «ባሏ ነኝ። እየሰማሁ ነው።»

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሳጅኗ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጠጋኙ ከውስጥኛው ክፍል ንግግሩን አቁሞ አዳመጠ። ዝምታው ረዘመ፤ ይህን ጊዜ የከበደው ኮማንደሩን ነው።

«ነፍስ ይማር» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ። ስልኩም ተዘጋ።

ፍታው የሚል ትእዛዝ ዳግመኛ አልመጣም። አናጢው ስልኩን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለረጅም ጊዜ አየው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ፣ ከባለ ሥልጣን ወገን ነፍስ ይማር ያለው ኮማንደሩ የመጀመሪያው ነበር።